«ማሽኑ ነው» የሚለው መልስ አይበቃንም

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች ስለ ኮምፒውተር ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፥ ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በኩል «ደግሞ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል ድምፅ እንደማይጠፋ አስቀድመን እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ የሽቦና የብረት ጕዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሳምንት ደመወዙን ሊቀበል ተሰልፎ፥ «ስምህ አልመጣም፤ ማሽኑ ነው» ተብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ያየ ሰው፥ የየትኛውም ፋኩልቲ ተማሪ ቢሆን ያገባዋል።

ይህንንም ያየነው በዐይናችን ነው። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሁለቱ ስሙን ለመጥራት በማንፈልገው በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ውስጥ በጊዜያዊ ጸሓፊነት ተቀጥረን ነበር። ድርጅቱ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አንዱ በዋናው መሥሪያ ቤት፥ ሁለተኛው ከከተማ ውጭ ባለው ቅርንጫፍ ይገኛል። ሁለቱም በተለምዶ ኤ ኤስ 400 ከሚባለው ወገን ናቸው። ይህ ዐይነቱ ኮምፒውተር በጠረጴዛ ላይ ከምናየው የሚበልጥ፥ ታላላቆቹ ባንኮችና መንግሥታት ከሚይዙት ግዙፍ ማሽን ግን የሚያንስ፥ መካከለኛ የንግድ ኮምፒውተር ነው። አይቢኤም በ1988 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በሮቼስተር ከተማ ሠርቶ ለገበያ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ የሚሠራበትም ሥርዐት ከ2008 ጀምሮ «አይቢኤም አይ» ይባላል፤ ሠራተኛው ግን አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ጥቁር መስተዋት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ፥ መልኩ የማያምር፥ ነገር ግን ዓመት እስከ ዓመት ሳይታመም የሚሠራ ማሽን ነው። እንዲያውም የዚህ ጽሑፍ ችግር ሁሉ የመጣው ማሽኑ ባለመታመሙ ነው ማለት ይቻላል።

በዋናው መሥሪያ ቤት የማሽኑ ኀላፊ የነበሩት፥ እኛ «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፥ ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተጠጋ ሰው ነበሩ። ዘወትር ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ፊት ይቀመጡና የደመወዙን ፋይል «ፑት» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቅርንጫፉ ይልካሉ። ማሽኑ የሚመልስላቸውን እያንዳንዱን መሥመር መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያነባሉ። ከዚያም ስልኩን አንሥተው ቅርንጫፉ ውስጥ ያለውን ጸሓፊ «ስንት ሰው ደረሰህ? ድምሩስ?» ብለው ይጠይቁታል። እርሱም ይነግራቸዋል። በአንድ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ላይ በግራ በኩል የላኩትን፥ በቀኝ በኩል የደረሰውን ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ካልተካከሉ ከወንበራቸው አይነሡም። ለዚህ ሁሉ የሚፈጅባቸው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም ነበር።

በነሐሴ ወር አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ይህን ሥራ ማሽኑ ራሱ እንዲሠራው አደረገ። ዓርብ ማታ በ2 ሰዓት ዋናው ኮምፒውተር ማንም ሳያዝዘው ፋይሉን ይልካል፤ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ሲሆን የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ፋይሉን ከፍቶ የክፍያ ወረቀቶቹን ያትማል። ጋሼም «ዕረፍት አገኙ» ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ሁለት ሳምንት በደኅና ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ቅርንጫፉ ውስጥ አንድ ሰው የደመወዙን ፋይል በመስተዋቱ ላይ ከፍቶ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ። በ2 ሰዓት ፋይሉ ሲላክ ተቀባዩ ኮምፒውተር «ይህ ፋይል በሌላ ሰው ተይዟልና አልቀበልም» ሲል መለሰ። ላኪው ግን መልሱን አላነበበም፤ ማንበብ እንዳለበት የነገረው የለምና። «ሥራው በደኅና ተፈጽሟል» ብሎ በመዝገቡ ጻፈና ዐረፈ። በ4 ሰዓት ቅርንጫፉ እዚያው ያገኘውን ከፈተ፤ ያገኘውም ያለፈውን ሳምንት ፋይል ነበር።

በማግሥቱ ሥራ ለቀው የሄዱ ሰዎች ፖስታ ተዘጋጅቶላቸው ተገኘ፤ በዚያ ሳምንት የተቀጠሩት 17 ሠራተኞች ግን ስማቸው የለም። ከእነርሱ አንዱ ከገጠር መጥቶ የመጀመሪያ ደመወዙን የሚጠብቅ፥ ለቤት ኪራይ ቃል የገባ ልጅ ነበር። ገንዘብ ከፋዩ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ «ማሽኑ ነው። ሰኞ ተመለሱ።»

እንግዲህ አንባቢያችን ሆይ፥ ማሽኑ ምን አደረገ? የታዘዘውን ሁሉ አደረገ። ተቀባዩ እንኳ በቋንቋው በግልጥ «አልቀበልም» ብሎ ነበር። ጥፋቱ ያለው መልስ የሚሰጥ እያለ መልስ የሚሰማ ባለመኖሩ ነው።

ይህን ለማስረዳት ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብናል። ኮምፒውተሮች ፋይል የሚለዋወጡበት ኤፍ ቲ ፒ የሚባል ስምምነት አለ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በ1971 የጻፈው አባይ ቡሻን የሚባል፥ በካንፑር ተምሮ ወደ ኤም አይ ቲ የሄደ የህንድ ተወላጅ ነው። (ስሙን ስናይ የአገራችን ልጅ መስሎን ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎን እንደ ነበር አንደብቅም።) በ1985 ተሻሽሎ የወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ደንብ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ባለ ሦስት አኀዝ መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው አኀዝ 2 ከሆነ ጕዳዩ ተፈጽሟል፤ 3 ከሆነ ገና የሚጐድል ነገር አለ፥ ለምሳሌ 331 ሲል የይለፍ ቃል አምጣ ማለቱ ነው፤ 4 ከሆነ አሁን አልተቻለም፥ ቈይተህ ሞክር፤ 5 ከሆነ ስሕተትህን ሳታርም ደግመህ አትምጣ። ፋይሉ በሙሉ ሲደርስ 226 ወይም 250 ይላል። በእኛ አስተያየት ይህ እጅግ ጨዋ የሆነ ደንብ ነው፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ከሚሰጠን መልስ ይልቅ የጠራ ነው።

በኤ ኤስ 400 ላይ ይህን ሥራ ሰው ሳይኖር ለማስኬድ የሚደረገው እንዲህ ነው። ጋሼ በጣታቸው ይጽፏቸው የነበሩት ትእዛዞች አስቀድመው በአንድ ፋይል ውስጥ ይጻፋሉ፤ ይህን «ኢንፑት» ይሉታል። ተቀባዩ የሚመልሰው ሁሉ ደግሞ «አውትፑት» በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ይከማቻል። ከዚያም በሰዓቱ ሥራውን የሚቀሰቅስ አጭር ፕሮግራም ይዘጋጃል። መሰናክሉም እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ እንቢ ቢባሉ እንኳ፥ ኤፍ ቲ ፒ ራሱ ትእዛዞቹን ጨርሶ ስለ ወጣ ብቻ «በደኅና አበቃሁ» ይላል። መላኩ የተሳካ መሆኑን ለማወቅ ፕሮግራሙ «አውትፑት»ን ከፍቶ መሥመር በመሥመር ማንበብ፥ 226 ወይም 250 መኖሩን፥ በ4ና በ5 የሚጀምር አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ይህ የጋሼ መነጽር ሥራ ነው። ባለሙያው ጣታቸውን በማሽን ተካ፤ ዐይናቸውን ግን ሳይተካ ቀረ።

ከወዳጆቻችን አንዱ ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያውስ 226ን ፈልጎ ማግኘት ይበቃል» አለን። አይበቃም። 226 የሚናገረው ዕቃው ደርሷል ብሎ ነው እንጂ፥ ዕቃው ምን እንደ ሆነ አይደለም። ባዶ ፋይልም ቢላክ 226 ይመጣል፤ ያለፈው ሳምንት ፋይል በስሕተት ቢላክም እንዲሁ። በአገራችን የመንግሥት ዕቃ ቤት ያለፈ ሰው ሞዴል 19ን ያውቃል፤ ዕቃ ቤቱ የተረከበውን በዐይነትና በቍጥር ጽፎ የሚፈርምበት ደረሰኝ ነው። ያለ እርሱ «አስረክቤአለሁ» የሚል አስረካቢ ከዕዳ ነፃ አይሆንም። በኮምፒውተርም ይኸው ይቻላል፤ ምንም ዐዲስ ነገር አይደለም። በፋይሉ መጨረሻ ላይ አንድ መሥመር ይጨመርና ቀኑ፥ የሰው ቍጥርና የብሩ ድምር ይጻፍበታል። ተቀባዩ ራሱ ቈጥሮና ደምሮ ከዚያ መሥመር ጋር ያስተያያል፤ የደረሰበትንም በአንድ ትንሽ ፋይል ወደ ላኪው ይመልሳል። ካልተካከለ ክፍያው አይታተምም፤ ሰው ይጠራል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ይጨመሩ። አንደኛ፥ ፋይሉ ሲላክ በጊዜያዊ ስም ይሂድና ሙሉ በሙሉ ሲደርስ ብቻ እውነተኛው ስሙ ይሰጠው፤ አለዚያ ተቀባዩ ግማሹን ብቻ አንሥቶ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፥ ቅርንጫፉ የተጠቀመበትን ፋይል ወዲያው ከመቀበያው ቦታ ወደ ሌላ ያንሣው። ይህች ሁለተኛይቱ ብቻ ተደርጋ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ሌሊት ማሽኑ የሚከፍተው ፋይል አጥቶ ይጮኽ ነበር፤ ጋሼም ቢሆኑ ሌላ ሰው፥ ስሙን ሰምቶ የሚመጣ በተገኘ ነበር።

ስለ ቍጥር ካነሣን ዘንድ፥ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆንን ሁሉ የምንወደውን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ይኸውም የትርጕም ነገር ነው። ኤ ኤስ 400 ፊደሉን የሚጽፈው ኤብሲዲክ በሚባል ሥርዐት ነው፤ አብዛኛው ሌላ ኮምፒውተር ግን በአስኪ ነው። በላቲን የመጀመሪያዋ ትልቅ ፊደል በአስኪ 65 ስትሆን በኤብሲዲክ 193 ናት። ስለዚህ ኤፍ ቲ ፒ ፋይሉን ሲያሻግር እንደ አስተርጓሚ ፊደል በፊደል እየለወጠ ያሻግራል። ለጽሑፍ ይህ መልካም ነው። ገንዘቡ ግን በፋይሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ አይቀመጥም፤ ቦታ እንዳይፈጅ ሁለት ሁለት አኀዝ በአንድ ባይት ታጭቆ ይቀመጣል። የ1,250 ብር ደመወዝ ከነሳንቲሙ ሲታጨቅ 01፥ 25፥ 00 ሆኖ በመጨረሻው ባይት ዜሮና የመደመር ምልክቱ ይቀመጣሉ። መካከል ላይ ያለው 25 በኤብሲዲክ «ወደሚቀጥለው መሥመር እለፍ» ከሚለው ምልክት ጋር አንድ ነው። አስተርጓሚው ገንዘብ መሆኑን አያውቅምና እንደ ጽሑፍ ይተረጕመዋል፤ ተቀባዩም የሰውየው መሥመር ያበቃ መስሎት ከደመወዙ መካከል ሊቈርጠው ይችላል፤ ወይም ቍጥር ባለበት ቦታ ቍጥር ያልሆነ ነገር አግኝቶ ሥራውን ያቋርጣል። ለዚህ የሚሆነው «ሳትተረጕም እንዳለ አሻግር» የሚል አንድ ቃል በኢንፑቱ ውስጥ መጻፍ ነው። ጋሼ ይህን ቃል በየሳምንቱ በጣታቸው ይጽፉት ነበር። ለምን እንደሚጽፉት ስንጠይቃቸው፥ «አንድ ጊዜ ረስቼው አይቻለሁ» ብለው ዝም አሉ።

የገዛ ፊደላችንም ከዚህ ነገር አላመለጠም። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ፊደል ሠንጠረዦች ከ256 ምልክት በላይ አይዙም፤ በእነርሱም ውስጥ ሀ ሁ የለም። ዩኒኮድ በ1999 ለግዕዝ ፊደል 384 ቦታ ከለየ ወዲህ ኮምፒውተሩ ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ ፋይሉ ግን በመንገድ ላይ በአሮጌ ሠንጠረዥ ካለፈ የሰው ስም የምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ስም በላቲን ይጽፋል። «ጸ»ን አንዱ ጸሓፊ በሁለት ፊደል፥ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ አንዱ ጸሐይ በሁለት መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ትሆናለች። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነውና እናልፈዋለን።

አንዳንዶች ታሪካችንን ሰምተው «እንግዲያውስ ወደ እጅ ሥራ እንመለስ፤ ፋይሉን በዲስክ ገልብጦ ሰው ይውሰደው» አሉን። በዚህ አንስማማም። በጥቅምት 2007 የእንግሊዝ የገቢና ጕምሩክ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰው ስም፥ አድራሻና የባንክ ቍጥር በሁለት ዲስክ ገልብጦ ወደ ኦዲት መሥሪያ ቤት ላከ፤ ያለ አደራ ፊርማ በተራ ፖስታ። ዲስኮቹ አልደረሱም። የመሥሪያ ቤቱም ሊቀ መንበር በኅዳር ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ የመጀመሪያው አለመድረሱ ሲታወቅ ሌላ ቅጂ በአደራ ፖስታ ተላከና በደኅና ደረሰ። መንገዱ ያው የሰው እጅ ነበር፤ ልዩነቱ ተረካቢው መፈረሙ ነው። እኛም የምንከራከረው እጅ ይሻላል ወይስ ማሽን በሚለው አይደለም።

ማሽኑም ቢሆን ደረሰኝ ስለ ሰጠ ብቻ ከነቀፋ አይድንም። ባለሙያው የሠራውን ኢንፑት ስንከፍት ያየነው፥ በሁለተኛው መሥመር ላይ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል በግልጥ ተጽፎ ነበር። እኛ የክረምት ጸሓፊዎች ያነበብነውን ማን አያነብበውም? ከዚህም በላይ ኤፍ ቲ ፒ ያንኑ ቃል በሽቦው ላይ ሳይሸፍን ይልከዋል። በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሌባ በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ አድብቶ የይለፍ ቃላትን ሲለቅም ተገኘ፤ በዚያ ምክንያት ታቱ ዩሎነን የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤስ ኤስ ኤች የሚባለውን የተሸፈነ መንገድ ሠራ። በዚህ መንገድ ፋይል ሲሻገር የይለፍ ቃል በፋይል ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በቍልፍ ይተዋወቃሉ። ይህ በእኛው መካከለኛ ኮምፒውተሮች ላይም ይሠራል። በግንቦት 2023 ደግሞ ሙቭኢት በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ በዓለም ላይ ከ2 ሺህ በላይ ድርጅቶች ተዘረፉ፤ በእንግሊዝ አገር የቢቢሲና የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኞች ዝርዝር የተወሰደው ደመወዛቸውን በሚያዘጋጅላቸው ድርጅት በኩል ነበር። የተሰረቀው በማስተላለፊያው ላይ ተከማችቶ የነበረው ነው። ስለዚህ የደረሰ ፋይል በበረንዳ ላይ አይደር እንላለን።

ወደ ድርጅቱ እንመለስ። 17ቱ ሠራተኞች ማክሰኞ ተከፈላቸው። ስለ ጠፋው ሦስት ቀን ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ የሄደውን ሰው ወቀሰ፤ ሥራ አስኪያጁ ባለሙያውን ወቀሱ፤ ገንዘብ ከፋዩ ማሽኑን ወቀሰ። እኛ ግን ወቀሳውን የምናደርገው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ በዚያች ሌሊት «አልቀበልም» የሚለውን መልስ የማንበብ ሥራ የማን ነበር? ከነሐሴ በፊት የጋሼ ነበር። ከነሐሴ በኋላ የማንም አልነበረም፤ ይህንንም ያደረገው ማሽን አይደለም፤ ጋሼን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዛወረው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን አይተነዋል፤ «ሥራው ወደ ኮምፒውተር ስለ ተላለፈ» ይላል። ከሥራው የተላለፈው መላኩ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ፋይል መላክን ለማሽን ሲያስረክብ፥ በዚያው ቀን የአንድ ሰው ስም በጽሑፍ ይሰየም፤ መልሱ ካልተካከለ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን የሚጠራውና ክፍያውን የማገድ ሥልጣን ያለው እርሱ ይሁን። ሥራውን ለሃያ ዓመት የሠራው ሰው ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ይጠየቅ፤ ደብተሩም ይታይ። የሠራተኛው ደመወዝ በዚህ ምክንያት ከዘገየ፥ የዘገየበትን የሚሸፍነው ድርጅቱ ይሁን እንጂ ሠራተኛው አይሁን። የመጨረሻው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ይልቁንም እርሱን ነው ደጋግመን የምንለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቶሎ የሚፈጸሙት ስሕተቱ ገንዘብ የሚያስከፍል ሲሆን ነውና።

የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ባይቱና ስለ ትእዛዙ የተሳሳትነው ነገር ካለ ያርሙን፤ በሚቀጥለው ቍጥር ቦታ ይቈይላቸዋል። የንግድ ሥራ ፋኩልቲ ተማሮች ደግሞ በተለማመዱበት መሥሪያ ቤት አውትፑቱን ማን እንደሚያነብበው ጠይቀው ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ስም መጥቀስ አያስፈልግም።